ሳሌን የምትቆጥር ልጅ

ነቀምቴ፣ ጨለለቂ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

በጀርባዬ አዝዬ ላሳደግሁህ ለአክስቴ ልጅ ለጫንያለው፤

እንዴት ነህልኝ ጫኔ? ያ የጀርመን ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ከሦስት ቀን በኋላ ሚካኤል ነው፤ ስምህን ጠርቼ እለምንልሃለሁ። ዘንድሮ ዝናቡ አልሄድ ብሎ ዛላው በርበሬ ሳይደርቅ ገበያ እየወጣ ተቸግረናል፤ ቢሆንም ጨለለቂ ውስጥ የእኔን በርበሬ የሚያህል አልተገኘም ይሉኛል። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ደንበኞቼ ናቸው።

ስልክ እያለ ምነው በወረቀት ትል ይሆናል። ስልኬን ካርድ የምትሞላው፣ ቴሌግራሙን የምትከፍትልኝ፣ ያንተን ድምፅ የምታሰማኝ ልጄ ሐሴት ናት። ስለ ሐሴት የሚባለውን በሐሴት እጅ እንዴት ልላክልህ? ስለዚህ ወረቀት ገዛሁ። መልስህን በደብሩ የፖስታ ሳጥን አድርግልኝ፣ በቤት አድራሻ እንዳትልክ።

ልጄ አራተኛ ዓመት ደርሳለች፤ ሜካኒካል ምህንድስና። ሌሎቹ ዶርም ሲያድሩ እሷ እኔ ብቻዬን እንዳልሆን ብላ ቤት ነው የምታድረው። እስከ አምና ጠዋት ደብተሯን ይዛ ትወጣለች፣ ተመልሳ እስክትተኛ ታጠናለች። ዘንድሮ ግን ነገሩ ተለወጠ። ባለፈው ሰኞ በባጃጅ ወፍጮ ቤት ስሄድ፣ በክፍል ሰዓት፣ ባይሳ ብየዳ ቤት በር ላይ ቁጢጥ ብላ አየኋት። ዐይኗን በጥቁር መነጽር ሸፍና ብረት ሲበየድ ታያለች። ባይሳን ታውቀዋለህ፣ የአባትህን የግቢ በር የሠራው ነው። ስልሳ ካለፈው ሰው ጋር ምን ልጠርጥር? ጠረጠርኩ ግን።

አዳነች ደግሞ ሌላ ነገር አመጣችልኝ። አዳነች ማለት አብራኝ በርበሬ የምትነፋው ናት፤ ከጉቶ ጊዳ እየመጣች፣ አንድ ሸራ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተናል።

«አዴ ሸዋገነት፣ ልጅሽ እኛ ሰፈር መጥታ ነበር» አለችኝ።

«ምን ልታደርግ?»

«ከሦስት ልጆች ጋር ሰው ጓሮ ተቀምጣ ሴቶቹ በቆሎ ሲፈለፍሉ ታያለች። አትፈለፍልም፤ ታያለች ብቻ።»

እራት ላይ ጠየቅኋት። «ክፍል የለም እንዴ ዘንድሮ?»

«ክፍላችን ውጭ ነው፣ እማ።»

«ውጭ ማለት የት?»

«ሰው ያለበት።»

«ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሰው የለም?»

ሳቀች። እኔ የሚያስቅ አልተናገርኩም። አንድ ጥቁር ደብተር አላት፤ እኔ ስገባ ትዘጋዋለች፣ ስትተኛ ትራሷ ሥር ታደርገዋለች። ከእናቱ ደብተር የሚደብቅ ተማሪ ምን እየተማረ ነው ትላለህ? ተባርራ እንደሆነስ? አፍራ እየደበቀችኝ እንደሆነስ?

አንተ መሐንዲስ ነህ። የተማረ ብቻ የሚያውቀውን አንድ ጥያቄ ጠይቃትና ብታውቀውም ባታውቀውም ጻፍልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ገንዘብም እንዳትልክ። የጠየቅኸው በእኔ ልመና መሆኑን እንዳታውቅ።

የእናትህ አምላክ አይለይህ።
እትዬ ሸዋገነት


ካሰል፣ ጀርመን
ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሸዋገነት፤

ሰላምታዬ ከነአክብሮቱ ይድረስዎት። ደብዳቤዎ በሦስት ሳምንት ደረሰኝ፤ መልሱን ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። የገና ጾም በሰላም ያስፈታዎት።

እንዳሉኝ ሐሴትን በቴሌግራም ፈትኛታለሁ። አንድ ዘንግ ሲዞር የሚሸከመውን ኃይል እንዴት እንደምታሰላ ጠየቅኋት፤ በአሥር ደቂቃ አስልታ ላከችልኝ፤ የእኔንም ስሕተት አረመች። ትምህርት አላቋረጠችም። በዚህ አይጨነቁ። የዛሬ ዘመን ትምህርት እንደ ዱሮው ሰሌዳ ላይ ብቻ አይደለም።

ይልቅ ስለ ራስዎ ይንገሩኝ። ሳሉ እንዴት ነው? ሲተኙ ያልብዎታል? ክብደትዎስ? ሐኪም ቤት ሄደው ራጅ ቢነሡ ደስ ይለኛል። ለብቻዎ ሳይሆን ሰው ይዘው ይሂዱ።

ደብተሩን ግን አይንኩባት። ተማሪ ደብተሩን መደበቁ የተለመደ ነው።

ለአዳነች ሰላምታ ያቅርቡልኝ።

አክባሪዎ
ጫንያለው


ነቀምቴ፣ ጨለለቂ
ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጫንያለው፤

ጤና ይስጥህ። ጥምቀቱ በሰላም አለፈ።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንደኛ፣ «እርስዎ» ብለኸኛል። አፍንጫህን ጠርጌልህ ያደግህ ልጅ ከመቼ ወዲህ ነው ለእኔ እርስዎ? እንዲህ ያለ አክብሮት የሚመጣው ሰው መርዶ ሊነገረው ሲል ነው። ሁለተኛ፣ እኔ ስለ ሳል አልጻፍኩልህም። ከመላኬ በፊት ለአዳነች ጮክ ብዬ አንብቤላታለሁ፤ «ሳል የሚል አልሰማሁም» ብላ ማለች። ታዲያ አንተ ካሰል ተቀምጠህ ሳሌን ከየት ሰማኸው? ሦስተኛ፣ ደብተሩን አትንኪ አልከኝ። አንተ ባትለኝ ኖሮ ላልነካው እችል ነበር።

ነካሁት። በጥምቀት ማግሥት ለሚካኤል ታቦት ስትወጣ ትራሷን አነሣሁ። የጻፈችውን እንዳለ ልገልብጥልህ፦

«ሰኞ። ሸ. ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት። ሳል 41። ዐይን መጥረግ 17። ወገብ ይዞ መነሣት 5።»

«ማክሰኞ። ሸ. ሳል 38። ‹ምነው?› ስላት ‹ምንም አልሆንኩም› አለች። ውሸት።»

«ሐሙስ። ሸ. ቀኝ ትከሻዋን ታሻለች። ሰው ሲያያት ትተዋለች።»

ሸ. ማለት እኔ ነኝ። ወልጄ ያሳደግኋት ልጅ በአንድ ፊደል ጠራችኝ! ደግሞ ሥዕል አለ። ጎብጬ ዱካ ላይ ተቀምጬ፣ ከመቀመጫዬ እስከ ትከሻዬ ቁጥር፣ ከክርኔ እስከ ጣቴ ቁጥር። ኅዳር ላይ «ለገና ቀሚስ ላሰፋልሽ» ብላ በሜትር ለክታኝ ነበር። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ቀሚስ የለም። የሬሳ ሳጥን ሠሪ እንኳን ቆሞ የሚሄድ ሰው አይለካም።

ደብተሩን እንደነበረ መልሼ አስቀመጥኩ። በማግሥቱ ለማንም ሳልናገር ነጠላዬን ተከናንቤ ሆስፒታል ሄድኩ፤ አክታ ሰጠሁ፣ ራጅ ተነሣሁ። «ሳንባሽ ንጹሕ ነው፣ የበርበሬ አቧራ ነው የሚያስልሽ» አሉኝ። ወረቀቱ ደረቴ ውስጥ ነው፤ አዳነችም አላየችውም።

እንግዲህ አስበው። በሽተኛ ካልሆንኩ ለምን ትቆጥረኛለች? ለማን ነው የምትቆጥረው? ላንተ ነው። ሁለታችሁ ሳንባዋን አመማት ብላችኋል፣ ምን ልታደርጉኝ እንደሆነ ግን እንጃ። ይህ ወሬ ከዚህ ግቢ ከወጣ ደግሞ ምን እንደሚከተል ታውቃለህ። ከምታስል ሴት በርበሬ ማን ይገዛል? እኔንም አዳነችንም የሚያበላን ይኸው ወንፊት ነው።

ስለዚህ ወስኛለሁ። ለእህቴ ለሃና ልኬባታለሁ፤ ከፋሲካ በኋላ ሐሴትን ሻምቡ ትወስዳታለች፣ ሱቋ ውስጥ ትሥራ። ሰው እየሰለሉ የሚማሩት ምህንድስና ይቅርብኝ። አስታራቂ አድርጌ አይደለም የምጽፍልህ። እውነቱን ንገረኝ ብዬ ነው።

ጸሎትህን አትተው፤ እኔም አልተውኩልህም።
ሸዋገነት


ካሰል
የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ሸዋዬ፤

ይቅር በይኝ። ነገ ጾሙ ይገባል፤ ሳልናዘዝ አልገባም።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሐሴት የአንድ ማሽን ንድፍ ፎቶ አንሥታ «እየው፣ የት ይሰበራል?» ብላ ላከችልኝ። ከንድፉ ጎን የሌላው ገጽ ግማሽ አብሮ ተነሥቷል። እሱ ላይ «ሸ. ሳል 41» የሚል አየሁ። ደነገጥኩ። ጠየቅኋት፤ «አትስጋ፣ ለንድፉ ነው» አለችኝ። እኔ ግን አላመንኳትም። ጨክና የደበቀችኝ መሰለኝ። ስለዚህ አንቺኑ በዘዴ ልጠይቅሽ ብዬ ያን የሞኝ ደብዳቤ ጻፍኩ። እርስዎ ያልኩሽም ስለፈራሁ ነው።

አሁን ትክክለኛውን ልንገርሽ። የዚህ ዓመት ትምህርታቸው ሰሌዳ የለውም። አስተማሪያቸው ዋጋሪ የሚባል ወጣት ነው። «ሂዱና የሚቸገር ሰው ፈልጉ፤ አጠገቡ ተቀመጡ፤ ምን እንደሚፈልግ አትጠይቁት፣ ሲሠራ እዩት፤ ከዚያ ንደፉ፣ ሥሩ፣ መልሳችሁ ለእሱ ስጡት፤ ካልወደደው እንደገና ጀምሩ» ይላቸዋል። ጉቶ ጊዳ የሄዱት ለልምምድ ነው። ባይሳ ጋ የምትውለው መበየድ ልትማር ነው። ከዚያ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሲመርጡ ሐሴት አንቺን መረጠች።

አትንገሪያት ያልኳት ደግሞ እኔ ነኝ። እዚህ ፋብሪካ እንደገባሁ አሮጌው አለቃዬ ሁለት ሳምንት አንዲት ዕቃ የምታሽግ ሴት አጠገብ አቆመኝ፤ ጠረጴዛዋን ልናሻሽልላት ነው። የመጀመሪያ ቀን ነገርኳት። ፎቶ እንደምትነሣ ሰው ወገቧን አቅንታ ዋለች፤ ያየሁት ሁሉ ውሸት ሆነ። ያን ለሐሴት አወራኋት። ልጅ ናት፣ ከልክ በላይ ተቀበለችኝ።

ሌላም ልናገር። ቤተሰቡ መሐንዲስ ይለኛል፤ ዝም ብያችሁ ነው። የዩኒቨርሲቲ ደጅ አልረገጥኩም። ሦስት ዓመት ተኩል እዚያው ብረት ሥራ ቤት ውስጥ፣ በእጄ እየሞረድኩ ተምሬ ነው የማሽን ንድፍ አውጪ የሆንኩት። ሐሴት የምትማረውን ስሰማ የቀናሁት ለዚህ ነው።

መጋቢት 13 ቅዳሜ አስተማሪውም ተማሪዎቹም አንቺ ግቢ ይመጣሉ፤ ማሽኗ የሚፈተነው በአንቺ ነው። የዓመቱ ውጤቷ እዚያ ላይ ነው ያለው። እስከዚያ ሻምቡን አቆዪልኝ። ይህን መንገሬን አታውቅምና ሲመጡ ደንግጪ።

እግርሽን ስሜ
ጫኔ


ነቀምቴ፣ ጨለለቂ
መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ጫኔ፤

ጾሙን ያበርታልህ። ደብዳቤህ ከቅዳሜው አምስት ቀን ቀድሞ ደረሰ። መሐንዲስ አለመሆንህን እናትህ ታውቅ ነበር፤ ለእኔም ነግራኛለች። እኛም ዝም ብለንህ ነው።

ደንግጪ አልከኝ። ሁለት ባጃጅ ሙሉ ሰው ከነብረቱ በር ላይ ሲቆም «ውይ! ምን ጉድ ነው ይኼ ሁሉ ሰው!» አልኩ። ሐሴት ዞር ብላ አየችኝና «ማን ነገረሽ?» አለችኝ። በዚያ ሰዓት አስቀድሜ ቀቅዬ ያስቀመጥኩት ሽንብራ በሁለት ትልቅ ሣህን ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ እሱን መደበቅ ረስቼ።

ማሽኑን ባይሳና ሐሴት ተሸክመው አስገቡት። ሣጥን ነው፣ በቆርቆሮ የተሸፈነ፤ ውስጡ እንደ በርሜል የተጠቀለለ ወንፊት አለ፤ በቀኝ በኩል በብስክሌት ፔዳል የተሠራ እጀታ። ዱካዬን አቅርባ አስቀመጠችኝ። ጫኔ፣ ልክ ለእኔ ነው! ጉልበቴ አይነካውም፣ ክርኔ ሳይቀር ማረፊያ አለው። «ቀሚስሽ ይኼ ነው» አለችኝ በጆሮዬ። ሁለት ወር ሙሉ የታመቀብኝ ንዴት እዚያው ሊሟሽሽ ነበር።

ዋጋሪ የሚሉት አስተማሪ ለካ ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ልጅ ነው። «አዴ ሸዋገነት፣ ማሎ፣ እባክዎ፣ ልጅዎ መሆኗን ዛሬ ይርሱልኝ። ያልወደዱት ነገር ካለ ለእኔ ይንገሩኝ» አለ።

በርበሬ ጨመሩልኝ፤ አዞርኩ። ብናኝ የለም። ከታች ደቃቁ እንደ ዱቄት ይወርዳል። አንዲት ሳል የለም። ልጆቹ አጨበጨቡ። አዞርኩት፣ አዞርኩት፤ ትከሻዬ መለብለብ ጀመረ። የሚቀበለኝ የለም። ቀና ስል አዳነች ከፊት ለፊቴ ዱካዋ ላይ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ማንም ምን አድርጊ ያላት የለም።

እኛ እንዴት እንደምንሠራ አንተ አታውቅም፤ ልንገርህ። እኔ እነፋለሁ፣ እሷ ወንፊቱ ላይ የቀረውን ሸካራ እያሸች ትመልስልኛለች። ሦስቴ ካሳለኝ ዝም ብላ ወንፊቱን ትወስዳለች። ሦስቴ ካሳላት እኔ እወስዳለሁ። «በቃኝ፣ ደከመኝ» ተባብለን አናውቅም፤ ሳሉ ራሱ ተናጋሪ ነው። ሐሴት አርባ አንድ ብላ የቆጠረችው ይህን ነው። ሣጥኑ ሳሉን ሲያጠፋው ተራውንም አጠፋው።

ዋጋሪ ጠየቀኝ፦ «እኛ ሁላችን ከሄድን በኋላ፣ ነገ ጠዋት፣ በዚህ ይነፋሉ?»

ሐሴት ታየኛለች። ምን እንደምትለኝ በዐይኗ አወቅሁ። «አዎ» ማለት እንዴት ቀላል ነው! ግን አዳነችም ታየኛለች።

«አልነፋበትም» አልኩ።

ባይሳ ጉሮሮውን ጠረገ። ምክንያቱን ላንተ እንደጻፍኩት አስረዳሁ። ሳልጨርስ አዳነች ለሐሴት «አኒ ሆ? እኔስ? እኔን የት አስቀመጥሽኝ?» አለቻት። ቁጣ አልነበረበትም፤ እሱ ባሰ።

ዋጋሪ ሐሴትን «ደብተርሽን ክፈቺ። አራት ወር ተቀምጠሻል፤ አዴ አዳነች ስንት ቦታ አለች?» አላት። ገለጠች፣ ገለጠች። ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። አንድ ቦታ ብቻ አገኘች፤ ጮክ ብለሽ አንብቢ አላት።

«ሌላ ሴት አለች» ብላ አነበበች።

ያን ያህል ሰልላኝ ከፊቴ ያለውን ሰው አላየችም ጫኔ! የሌሎቹ ልጆች ውጤት ተሰጠ። የሐሴት እስከ ሰኔ ተያዘ፤ እንደገና ካልሠራች ዓመቱ ይደገማል።

ማታውን አላናገረችኝም። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ «ሻምቡ እሄዳለሁ። አክስቴ ሃና ነግራኛለች፣ አንቺ እንደወሰንሽው ይሁን። ፋሲካንም አልጠብቅም» አለች። ሻንጣዋ በር አጠገብ ቆሟል፤ እያየሁት ነው የምጽፍልህ። የምፈልገው ሆነልኝ አይደል? ታዲያ ምነው በሩ አጠገብ እመላለሳለሁ? ደግሞ ነገሩን አገላብጬ ሳየው፣ እንዳስቀራት ብላ ይሆን ሻንጣውን ከዐይኔ ፊት የገተረችው? ልብሷን በሙሉ አላስገባችም፤ ቆጥሬዋለሁ።

ለእሷ ምንም እንዳትጽፍላት፤ ያንተ ምክር ይበቃናል። ማስቀረት ካለብኝ ራሴ አስቀራታለሁ። ለእኔ ግን ያን እናንተ አገር ፋብሪካ ውስጥ አፍና አፍንጫ ላይ የሚያደርጉትን ላክልኝ። ሁለት አድርገው።

እትዬ ሸዋገነት


ካሰል
ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ሸዋዬ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። የአፍ መሸፈኛዎቹን በሰው ልኬአለሁ፤ አዲስ አበባ ደርሰዋል።

ደብዳቤሽ በር አጠገብ የቆመው ሻንጣ ላይ አቆመ፤ እኔም እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሄደች? አንቺ አትጻፍላት ስላልሽኝ ለሐሴት አልጻፍኩም፤ በዓሉን ብቻ «እንኳን አደረሰሽ» ብዬ ላክሁ። አንብባለች፣ አልመለሰችም። ለሃና ደወልኩ፤ «እሷን እናቷን ጠይቅ» ብላ ዘጋችብኝ። ሁላችሁም ተማክራችሁ የምትቀጡኝ ይመስለኛል፤ ይገባኛልም። ግን አንዲት መስመር ጻፊልኝ። እዚያ ቤት ውስጥ በሣጥኑ አጠገብ ያልነበርኩት እኔ ብቻ ሆኜ፣ ስሕተቱ ውስጥ ግን አለሁበት።

ጫኔ


ነቀምቴ፣ ጨለለቂ
ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ጫኔ፤

ክረምቱ ገባልን፤ ጣራው አንድ ቦታ ያፈሳል፣ ሌላው ሰላም ነው። የላክሃቸው ደርሰውናል። አዳነች አህያ አስመሰለኝ ብላ አውልቃ ጣለችው፤ ይሉኝታ ይዞኝ እኔ አድርጌው ዋልኩ።

መዘግየቴ ልቀጣህ ብዬ አይደለም። ትንሽ ልቀጣህም ነው።

ሐሴት ያን ደብዳቤ በጻፍኩልህ ማክሰኞ ልትሄድ መናኸሪያ ወርዳ የሻምቡ መንገድ ሁለት ቀን ተዘግቷል ተባለች። ሻንጣዋን እየጎተተች ተመለሰች። አዳነች ሸራ እያነጠፈች ነበር። ሻንጣውን አየች፣ ሐሴትን አየች፣ ወዲያው ወገቧን ያዘች።

«እኔ ዛሬ መቀመጥ አልቻልኩም። መንገዱ እስኪከፈት ቦታዬ ላይ ተቀመጪልኝ» አለቻት።

የአዳነች ወገብ ምንም እንዳልሆነ አውቃለሁ። ኋላ የመጣውን የውኃ ጄሪካን በአንድ እጇ ስታነሣ አይቻታለሁ። ሐሴት ሻንጣዋን ትታ ተቀመጠች። አፏ ላይ ነጠላ አሰርኩላት።

ጥቂት እንደነፋች ሦስቴ ሳለች። ወንፊቱን ወሰድኩባት። ባዶ እጇን እያየች ቀረች። ቀጥሎ እኔ ሳልኩ፤ አራቴ፣ አምስቴ፤ እሷ ታየኛለች!

«ተቀበይኝ እንጂ! ደብተር እስክታመጪ ልሙት?»

ያኔ ነው የሳቀችው፤ ከመጋቢት 13 ወዲህ። እኔም ሳቅሁ፤ ሁለታችንም በሳቅና በበርበሬ ዐይናችን ፈሰሰ። አዳነች ከደጃፉ «በርበሬው ባከነ!» ትላለች፣ ወገቧን መያዝ ረስታ።

መንገዱ ሐሙስ ተከፈተ። ሐሴት ዓርብም ነፋች፣ ቅዳሜም ነፋች። ስለ ሻምቡ እኔም አላነሣሁም፣ እሷም። ለሃና «ልጄን አልክም» ብዬ ደወልኩ፤ ደህና አድርጋ ሰደበችኝ፣ ሱቋን ልታሰፋ አስባ ነበር። ለሐሴት ደግሞ ደብተሯን ማንበቤን ነገርኳት። «አውቃለሁ፣ ትራሴን ገልብጠሽ ነው ያስቀመጥሽው» አለችኝ። ከጥር ጀምሮ ታውቅ ነበር ማለት ነው! ማን ማንን ሲጠብቅ እንደከረመ እንጃ።

ማሽኑን ባይሳ ጋ ወስዳ ፈታችው። አሁን እጀታ በሁለቱም በኩል አለው፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለአዳነች፤ ሸካራው የሚመለስበት ትንሽ በር በመካከል። አዳነችንም ለካቻት። «ቀሚስ አለ በይኝ ደግሞ» ብላ አሾፈችባት። ባለፈው ሳምንት ዋጋሪ ብቻውን መጣ። «ነገ ይነፉበታል?» አለ። እኔ ወደ አዳነች አገጬን ቀሰርኩ። እሷ እጇን በበሩ ሰደደችና በኦሮምኛዋ «ላኪ!»፣ «አይሆንም፣ ጠበበኝ» አለች። ባይሳ እዚያው ቆርቆሮውን ቆርጦ አሰፋው። ደግማ ሰደደች፤ «ኤዬ፣ አሁን ይሁን» አለች። ዋጋሪ ጻፈ። ሐሴት አለፈች። ስንት እንዳገኘች ግን አልነገረችኝም፤ ስለዚህ ብዙ እንዳይደለ አውቄአለሁ።

አሁን በእሱ ነው የምንነፋው። ብናኝ የለም፣ ሳል የለም። ተራው መድረሱን በምን እንወቅ? እሱን ሐሴትም ዋጋሪም አላሰቡትም። እኛው ነን ያገኘነው፤ ቀና ብለን እንተያያለን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አፋችንን በነጠላ አስረን፣ ዐይናችንን ጨፍነን ነው ፊት ለፊት የተቀመጥነው። አዳነች ሊደክማት ሲል በግራ ጉንጯ ብቻ ፈገግ እንደምትል አላውቅም ነበር። ትናንት «የእኔስ ፊት ሲደክመኝ ምን ይመስላል?» ብዬ ጠየቅኋት። በእሷ በኩል ያለውን እጀታ ይዛ ማዞሩን ተቀበለችኝና «ለሰው አይነገርም» አለችኝ።

ምን እንዳየችብኝ እንጃ ጫኔ። እጠይቃታለሁ።

አንተንም ፊት ለፊት የሚያይህ ሰው አያሳጣህ።
እትዬ ሸዋገነት